ሮማውያንን ለመድረክ ለምታለብሺ ልጄ

የጁሊየስ ቄሳር ቴአትር አልባሳት በአንቺ ላይ እንደወደቀ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ሰጋሁልሽም። ዕድሜዬን በመርፌና በክር አሳልፌአለሁና፣ ሮማ ሲባል ሰው ወዲያው ነጭ አንሶላ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እኔም በወጣትነቴ ተዋናዮቹን ሁሉ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ አውጥቻለሁ። ሴናተሩም ዳቦ ጋጋሪውም አንድ መሰሉ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ ስሚኝ።

1. ከእጀ ጠባብ ጀምሪ። ቱኒክ የሚባለው ይኸው ነው፤ ባለጸጋውም ባሪያውም ከሥር ይለብሰዋል። ሁለት የሱፍ ጨርቅ ትከሻና ጎኑ ላይ ይሰፋል፣ ወገቡ በመቀነት ይታሰራል፣ የወንዱ እስከ ጉልበት ይደርሳል። የቀን ሠራተኛው በእሱ ብቻ ይውላል። ሴናተሩ እጀ ጠባቡ ላይ ከትከሻ እስከ ታች የሚወርድ ሰፊ ሐምራዊ መስመር አለው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የፈረሰኞች መደብ ደግሞ ቀጭን መስመር። በሰፊውና በቀጭኑ መካከል ያለው ልዩነት ከኋላ ወንበር እንዲታይ አድርገሽ ሥሪው።

2. ቶጋን ለዜጋ ብቻ ስጪ። ቶጋ ስፌት የለበትም፤ አንድ ጎኑ ክብ የሆነ ከባድ የሱፍ ጨርቅ ነው። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፍ ነበር፤ የቄሳር ዘመኑ ግን ጠበብ ያለ ስለሆነ ጨርቅ አታባክኚ። በግራ ትከሻ ይወርዳል፣ በጀርባ ዞሮ በቀኝ ብብት ሥር ያልፋል፣ ተመልሶ ግራ ትከሻ ላይ ይጣላል። ግራ እጅ እሱን ሲጠብቅ ይውላል። ቶጋ የለበሰ ሰው ሸክም አይሸከምም፣ እንጨት አይፈልጥም፤ ክብሩም እዚያው ላይ ነው። ተዋናዮችሽ ቢያንስ ሳምንት ለብሰውት ይለማመዱ።

ቶጋ ለውጭ ሰው በሕግ ክልክል ነበር። የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ሱኤቶኒየስ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፦ አንድ ሰው ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቆቹ በቶጋ ይቁም ወይስ በግሪክ ካባ ብለው ተጨቃጨቁ። ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስም ከሳሹ ሲናገር ካባ፣ ተከላካዩ ሲናገር ቶጋ እየቀያየረ እንዲለብስ አዘዘ። ያን ሰው አስቢው፤ በአንድ ቀን ችሎት ስንት ጊዜ ዜጋ ሆኖ ስንት ጊዜ ባይተዋር እንደሆነ።

ይሁን እንጂ ቶጋ ስለሚከብድ ዜጎቹ ራሳቸው ይሸሹት ነበር። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ሕዝቡን በጥቁር ካባ ተሰብስቦ ቢያየው ተቆጥቶ፣ በፎረም አደባባይ ማንም ያለ ቶጋ እንዳይቆም አዟል። የገበያ ትዕይንትሽ እንግዲህ በቶጋ አይሙላ።

3. ሐምራዊን ቆጥበሽ ተጠቀሚ። ቀለሙ የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ወታደሮቹ ጌታችንን እንደ ንጉሥ ሊዘብቱበት ያን ቀለም ያለበሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ለባለ ሥልጣኑና ገና ላልጎረመሰው የነጻ ሰው ልጅ የቶጋው ዳር ላይ ሐምራዊ ጥለት ይበቃል። ለምርጫ የሚወዳደረው በጠመኔ የነጣ ቶጋ ይልበስ። ሙሉ ሐምራዊውን ለቄሳር አስቀሪው፤ በ44 ቅ.ል.ክ. ሊገደል አንድ ወር ሲቀረው፣ በሉፐርካሊያ በዓል ያን ለብሶ በወርቅ ወንበር ተቀምጦ ነበር።

4. ባለትዳሯን እስከ እግሯ የሚወርድ ስቶላ አልብሻት፣ ከላይ ነጠላ መሳይ ፓላ። ቶጋ ለእመቤት አይሆንም።

5. ቆቡን አትዝለዪው። ባሪያ ነጻ ሲወጣ ፒሌዎስ የሚባል የሱፍ ቆብ ይደፋ ነበር። ከቄሳር ገዳዮች አንዱ ብሩቱስ ከግድያው በኋላ ባስቀረጸው ሳንቲም ላይ ያ ቆብ በሁለት ጩቤ መካከል ይታያል። አዘጋጁ ቢፈቅድልሽ ከግድያው ትዕይንት በኋላ አንድ ሰው ይዞት ይውጣ።

6. አሁን ወደ ባሪያው ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለእሱ ስል ነው። የባሪያ ልብስ የሚባል መለያ አትፍጠሪ፤ አልነበረምና። ፈላስፋው ሴኔካ እንደጻፈው፣ ባሪያዎች ከነጻ ሰው የሚለዩበት ልብስ ይኑራቸው የሚል ሐሳብ በሴኔት ቀርቦ ነበር። ኋላ ግን አደጋው ታያቸው፦ ባሪያዎቹ እኛን መቁጠር ቢጀምሩስ? መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሆኑ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተፈለገ። የትልቅ ሰው ቤት አሽከር ከድሃው ዜጋ አምሮ ሊታይ ይችላል፤ እንደዚያው አልብሺው።

የእርሻው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ካቶ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ለባሪያ በየሁለት ዓመቱ አንድ እጀ ጠባብና አንድ ጋቢ መሳይ ካባ ይሰጠው ይላል፤ የእጀ ጠባቡም ርዝመት 1 ሜትር ያህል ነው። አዲሱ ሲሰጥ አሮጌው ይመለስ፣ ለድሪቶ ይሆናል ይላል። አሮጌው እንኳ የሱ አልነበረም።

ልጄ፣ ከቄሳር ቶጋ በፊት ይህን እጀ ጠባብ ስፊ። ጨርቁን እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አቆዪው፣ ደግመሽ እጠቢው፤ መድረክ ላይ ሲወጣ የሁለት ዓመት ልብስ ይሁን።