ደም እስኪረጋ

ልጄ፣ መተማ ጤና ጣቢያ መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ። ስለ ደም መርጋት ኮሌጅ ያስተማሩሽን ሁሉ አልደግምልሽም፤ ሥራ ሲበዛ የሚረሳውን ብቻ ልጻፍልሽ።

1. የሚደማ ቁስል ላይ ጎዝ ስትይዢ ጠበቅ አድርጊና ቆዪ። የተቀደደው ደም ሥር መጀመሪያ ይኮማተራል፤ ወዲያው ፕላትሌቶች ተለጣጥፈው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። መድፈኛው ግን ገና ልል ነው። «ቆመ ይሆን?» እያልሽ በየደቂቃው ጎዙን ካነሣሽ ነቅለሽ እንደ አዲስ ታስጀምሪዋለሽ።

2. መድፈኛውን የሚያጠነክረው ፋይብሪን ነው። ፋይብሪኖጅን በደም ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል፤ ትሮምቢን ሲደርስበት ክር ይሆንና ፕላትሌቱንም ቀዩንም የደም ሴል ጠልፎ ያስራል። ትሮምቢንን የሚያስነሡት ፋክተሮች በሮማ ቁጥር ይጠራሉ። ስድስተኛውን ስትፈልጊ አትድከሚ፣ የለም፤ የአምስተኛው ሌላ መልክ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።

3. በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ እባብ የነደፈው ሠራተኛ ይመጣብሻል። ማሽን የለም ብለሽ እጅሽን አታጣጥፊ። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቲዩብ ውስጥ ሁለት ሚሊ ያህል ደም ቅጂ፤ ሳትነኪው 20 ደቂቃ አቁሚው፤ ከዚያ አንዴ አዘንብዪው። እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ፋይብሪኖጅኑን ፈጅቶታል፤ ሐኪሙን ጥሪ። ቢረጋም ከሰዓታት በኋላ ድገሚው። ፕላስቲክ ቲዩብ አይሆንም፤ መርጋቱን የሚቀሰቅሰው የብርጭቆው ገጽ ነው። የሳሙና ቅሪት ያለበት ቲዩብም ያታልልሻል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እያነሡ የሚያዩ አሉ፤ እነሱን አትምሰዪ።

4. ጾም ሲገባ የልብ ቫልቫቸው ተቀይሮ ዋርፋሪን የሚወስዱትን አስቢ። ጉበት ከፋክተሮቹ አራቱን የሚያሰናዳው በቫይታሚን ኬ ነው፤ ዋርፋሪን ይህን ያግዳል፣ ጎመን ደግሞ መልሶ ይሰጣል። በፍስክ ጎመን ያልቀመሰ ሰው በሁዳዴ በየቀኑ ሲበላ የመድኃኒቱ ጉልበት ይደክማል፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋበት ይችላል። ጎመን አትብላ ግን አትበዪው፤ ምን ሊበላ ነው? መጠኑን አታለዋውጥ፣ ከለወጥክም መጥተህ ተመርመር በዪው።

5. ጥርስ የሚነቀልለትን ሰው አስፕሪን መውሰዱን ጠይቂ። አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ሳምንት ያህል፣ አያገለግልም።

6. የተገረዘ ሕፃን ደሙ ቆመ ሲባል ከሰዓታት በኋላ መልሶ ከጀመረው ገራዡን ለመውቀስ አትቸኩዪ። ሄሞፊሊያ ሊሆን ይችላል፤ ያ በእናት በኩል ይወርዳል፣ የሚታመሙት ግን በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። እናቲቱን ለብቻዋ አስቀምጠሽ ወንድሞቿ በልጅነታቸው እንዴት እንደነበሩ ጠይቂያት፤ ጉልበቱ በትንሽ ነገር የሚያብጥ፣ ወይም ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ እንደነበረ።