ፎቁ ሲሠራ ሱቄ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ መርካቶ፣ ሸማ ተራ አቅራቢያ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። መንገዳችን ቀኑን ሙሉ በአይሱዙ ይዘጋል። አሁን አካባቢው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሆኖ በፎቅ ይሠራል እየተባለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ይገባኛል። መንገዱ የሚዘጋው ዕቃ የሚራገፍበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው። ጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ በአዲሱ ሕንፃ ንድፍ ላይ አስቀድመው ማራገፊያውን ይፈልጉ፤ ጣቃ የተሸከመ ወዛደር በነዋሪው ደረጃ ማለፍ የለበትም።

ስለ መብትዎ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ በግል ወይም በጋራ፣ በፕላኑ መሠረት ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ከጎረቤቶችዎ ጋር ቢመክሩ መልካም ነው፤ የመርካቶ ነጋዴ በአክሲዮን ተደራጅቶ ሕንፃ ማቆም ያውቅበታል። ሱቁ የቀበሌ ኪራይ ከሆነ ግን መብቱ ይለያል። ማንኛውንም ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ፣ ንድፉን ደግሞ ፈቃድ ላለው አርክቴክት ያሳዩ።