በቃል ያለውን በድምፅ ማቆየት
የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ አመራረጥና አጠቃቀም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እውነት ነው። እናንተም ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ ይህን በእጃችሁ አይታችሁታል። የዕድሩን መዋጮ፣ የዘሩን መጠን፣ የብድሩን ቀን ጽፋችሁ ታኖራላችሁ። ከዓመት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ ክርክር የለም።

ነገር ግን ፊደላችን ሁሉን ነገር አይዝም። እስቲ «ገና» የሚለውን ቃል ጻፉ። አላልተን ስናነበው «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው። አጥብቀን ስናነበው የልደት በዓል ነው። «ዋና» ብላችሁ ጻፉ። ሲላላ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ወይም ትልቁ ነገር ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው የሰው ድምፅ ነው።

ይህ ነገር በተለይ በግጥም ላይ ይጎላል። አዝማሪው ወይም አልቃሽዋ አንድ ቃል ጠበቅ ወይም ላላ አድርገው ሲሉ ሰምና ወርቁ ይገለጣል። ወረቀት ላይ ብቻ ብንጽፈው ወርቁ ሊጠፋ ይችላል። የቀረርቶው አወጣጥ፣ የመሰንቆው ቅኝት፣ የሽማግሌው አነጋገር በፊደል አይያዝም። ስለዚህ ከእርሳሱና ከደብተሩ ጎን ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልገናል። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያውን እንዴት እንደምንመርጥና እንዴት እንደምንይዘው አብረን እንማራለን።

1. ድምፅ መቅረጽ ከየት መጣ?

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ የሠራው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው። ዘመኑም በ1877 እ.ኤ.አ. ነበር። ወደ አገራችንም ለመድረስ ብዙ አልቆየም። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በሰም ጥቅል ላይ በድምፅዋ ቀርጻ ላከች። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ጥቅሉ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱም በድምፅ መልስ ሰጡ። የእነርሱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚያም በ1908 እ.ኤ.አ. ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ።

ከሸክላው በኋላ ክሩ የሚጠቀለል ቴፕ መጣ። በ1963 እ.ኤ.አ. ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ካሴትን አወጣ። ብዙዎቻችሁ ካሴትን ታውቁታላችሁ። ክሩ ሲጠላለፍ በእርሳስ ያጠነጠነው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የዛሬው መቅረጫ ግን ክር የለውም። ዲጂታል ይባላል።

2. ዲጂታል መቅረጫ እንዴት ይሠራል?

ሰው ሲናገር አየሩ ይርገበገባል። ከበሮ ሲመታ ቆዳው እንደሚርገበገብ ማለት ነው። በመቅረጫው ውስጥ ማይክሮፎን የሚባል ክፍል አለ። በማይክሮፎኑ ውስጥ ያለው በጣም ስስ ሽፋን በአየሩ እየተገፋ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ኤሌክትሪክ ይለካና ልኩን በቁጥር ይጽፈዋል። በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ወይም 48,000 ጊዜ ይለካል። እንግዲህ የተቀረጸው ድምፅ የቁጥር መዝገብ ነው። ቁጥሮቹ የሚቀመጡት የጥፍር ያህል በምትሆን ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ድምፁን ስንከፍት መሣሪያው ቁጥሮቹን አንብቦ ወደ ድምፅ ይመልሳቸዋል።

3. ሲገዛ ምን ይታያል?

መቅረጫ ለዕድሩ፣ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለወጣቱ ማኅበር በጋራ ቢገዛ ይመረጣል። እንደ ዙምና ታስካም ያሉ የጃፓን ኩባንያዎች በአንድ እጅ የሚያዙ መቅረጫዎች ይሠራሉ። ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ሻጩን እነዚህን ነገሮች ጠይቁት።

ሀ. በምን ይሠራል? መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚሻለው በማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ነው። ለምሳሌ ዙም ኤች 1 ኤን ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ውስጡ የታሸገ ባትሪ ያለው ከሆነ ግን የሚሞላበት ሶላር መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለ. ዌቭ በሚባለው ዓይነት ይቀርጻል? ዌቭ ቁጥሮቹን ሳይቀንስ ያስቀምጣል። ኤምፒ 3 የሚባለው ግን ቦታ ለመቆጠብ ሲል ከድምፁ ላይ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ለልጅ ልጅ ለሚቀመጥ ነገር ዌቭ ይመረጣል።

ሐ. የድምፁን መጠን በእጅ ማስተካከል ይቻላል? አንዳንዱ መሣሪያ መጠኑን በራሱ ብቻ ይወስናል። ሽማግሌው ለማሰብ ዝም ሲሉ መሣሪያው ድምፅ ያነሰ መስሎት የዶሮውንና የዝንቡን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። በእጅ የሚስተካከል ይሻላል።

መ. የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው? ሳያዳምጡ መቅረጽ ሳያዩ እንደ መዝራት ነው።

ሠ. ሚሞሪ ካርዱ እውነተኛ ነው? በገበያ የሐሰት ካርድ አለ። 32 ጊጋ ተብሎ ይጻፍበትና ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። ልኩ ሲያልፍ የተቀረጸው ይጠፋል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ስትገዙ መጀመሪያ ለሙከራ ሙሉውን ሙሉትና መልሳችሁ አዳምጡት።

ካርዱ ምን ያህል ይይዛል? በ48,000 ልኬት፣ በ24 ቢት፣ በሁለት ማይክሮፎን ብንቀርጽ አንድ ሰዓት ወደ አንድ ጊጋ ይወስዳል። ባለ 32 ጊጋው ካርድ እንግዲህ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው።

መቅረጫ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ስልክም ይቀርጻል። ምንም ከሌለ ስልክ ይበቃል። ነገር ግን በመካከል እንዳይደወል የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ንኩት። በመቅረጫ ስትቀርጹም ስልክ ከአጠገቡ አታኑሩ። ስልኩ መረብ ሲፈልግ «ትር ትር» የሚል ድምፅ መቅረጫው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

4. ፈቃድ መጠየቅ

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ፈቃድ ነው። የሰው ድምፅ የሰው ንብረት ነው። ሰው ሳያውቅ መቅረጽ በጓሮ ገብቶ እህል እንደ መውሰድ ነው። የምንቀርጻቸውን ሰው እንዲህ ብለን እንጠይቃለን፦

«አባባ፣ የሚነግሩንን በዚህ መሣሪያ ልንይዘው ነው። ልጆች በኋላ እንዲሰሙት ነው። ይፈቅዱልናል? የማይፈልጉት ነገር ካለ ይንገሩን፤ እናቆማለን።»

እሺ ካሉ ይህንኑ ቃላቸውን በመሣሪያው ላይ ይድገሙት። እንቢ ካሉ መሣሪያውን መክተት ነው። አሁን ፈቅደው ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡም ይጥፋልኝ የማለት መብት አላቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያን ጊዜ ድምፅዋ እንዲጠፋ ማድረግ ከቻለች፣ የእኛ እናትም ይህን መብት ልታጣ አይገባም።

በተለይ ሦስት ነገሮች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው የመሬት ወሰን ነገር ነው። ሁለተኛው የደምና የዕርቅ ነገር ነው። ሦስተኛው የለቅሶ ሙሾ ነው። በእነዚህ ላይ የተነገረ ቃል ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፣ ሐዘንተኛውንም ያቆስላል። ሙሾ የሚቀረጸው የሟች ቤተሰብ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው ድምፅ ቀርጾ ይሄዳል፤ አገሬው ግን ቅጂው አይደርሰውም። እኛ ተማሪዎችም ብንሆን ልትጠይቁን ይገባል። «ቅጂው የት ነው? መቼ ታመጡልናላችሁ?» በሉን። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ መቅረጫው በራሳችሁ እጅ መሆኑ ነው። የትኛው ሽማግሌ ምን እንደሚያውቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

5. ሲቀረጽ የሚደረግ

ቦታ መምረጥ። ከወፍጮ፣ ከመንገድና ከከብት በረት ራቁ። ባዶ የሆነ ቆርቆሮ ቤት ድምፅ ያስተጋባል፤ ዝናብ ከመጣማ ምንም አይሰማም። ቁርበት፣ ጋቢና ጆንያ ያለበት የሣር ክዳን ቤት ደህና ነው። ቡና የሚወቀጥ ከሆነ ወይ ወቀጣው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፣ ወይ ቦታ መለወጥ።

ንፋስ መከላከል። ንፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታው ንግግሩን የሚውጥ ጉርምርምታ ይፈጥራል። ስፖንጅ ወይም ጠጉራም ልባስ ካለው አልብሱት። ከሌለ በቤቱ ጥግ ንፋስ በማይመታበት በኩል ተቀመጡ።

ማስቀመጥ። መቅረጫውን በእጅ አትያዙት። ጣት ሲነካው ይንኳኳል። ጋቢ አጥፋችሁ በርጩማ ላይ አድርጉና በላዩ አስቀምጡት። ከተናጋሪው አፍ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ይራቅ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ድምፁ ካነሰ አስቀድማችሁ መሣሪያውን አስጠጉ። መሰንቆና ዘፈን አንድ ላይ ከሆነ ግን ሁለቱም እንዲሰሙ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ማድረግ ነው።

መጠኑን ማስተካከል። በመስኮቱ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል መስመር ታያላችሁ። 0 የሚለው የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ሰውዬው ጮክ ሲሉ መስመሩ −12 አካባቢ ቢደርስ ልክ ነው። 0 ከነካ ድምፁ ይቆረጣል። ቁና ሞልቶ ሲፈስ ዳር የወደቀውን እህል መልቀም ይቻላል፤ ይህ ግን አይለቀምም። ፉከራና ቀረርቶ ሲሆን ደግሞ በድንገት ስለሚጮኽ መጠኑን አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉት።

ሙከራ። አንድ ደቂቃ ቀርጹና መልሳችሁ ስሙ። ቀዩ ምልክት መብራቱን፣ ቁጥሩም መቁጠሩን እዩ። በብዙ መቅረጫ ላይ ቁልፉ አንዴ ሲጫን የሚዘጋጅ፣ ሁለተኛ ሲጫን የሚጀምር አለ። አንዴ ብቻ ተጭኖ የቀረ እንደሆነ ሽማግሌው ሁለት ሰዓት አውርተው አንድም ቃል አይገኝም።

ማስተዋወቅ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና የሚነገረውን ነገር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ለመስማማት ያህል «እህ፣ አዎ» ከማለት ራስን መነቅነቅ ይሻላል። ሰው ዝም ሲል ቶሎ ጥያቄ አትጨምሩ። ትልቅ ሰው እያስታወሰ ይሆናል።

6. ከተቀረጸ በኋላ

በዚህ ጊዜ ደብተራችሁ ተመልሶ ይመጣል። ስም የሌለው ድምፅ ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ በዚያው ቀን እንዲህ ጻፉ፦ የቅጂው ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪው ስምና ዕድሜ፣ የተነገረው ነገር፣ ፈቃዱ ምን እንደሆነ።

ቀጥሎ ቅጂ ማብዛት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ምንም እንደሌለው ይቆጠር። ዘራችሁን ሁሉ በአንድ ጎተራ አታኖሩም፤ አይጥ ወይም እሳት ይጨርሰዋልና። ድምፁም እንዲሁ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር። አንዱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቀበሌ ወይም በከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ሁለት ቅጂ በእጃችሁ መኖሩን ሳታረጋግጡ ካርዱን አታጥፉ። ለተናጋሪውም አንድ ቅጂ ስጡ፤ በስልክ የሚሰማ ኤምፒ 3 ቢሆን ለእርሳቸው ይበቃል።

መሣሪያው ሲቀመጥ ባትሪ ድንጋዩን አውጡ። ውስጡ ከቆየ ፈሳሹ ወጥቶ ብረቱን ይበላዋል። አዲስና አሮጌ ባትሪ ድንጋይ አትቀላቅሉ። ከአቧራ፣ ከጢስና ከፀሐይ ጠብቁት።

7. ማጠቃለያ

የአንድ ቀበሌ እውቀት ብዙው ገና አልተጻፈም። የትኛው የጤፍ ዘር በየትኛው መሬት እንደሚበቅል፣ የዝናቡ መምጫ ምልክት፣ የከብት በሽታ መድኃኒት፣ የዕርቅ ሥርዓት፣ የሠርግ ዘፈን፣ ሁሉም በአዛውንቶች ልብ ውስጥ ነው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። መሣሪያ እስኪገኝ መጠበቅም አያስፈልግም። ዛሬ ማታ በደብተራችሁ ላይ በቀበሌያችሁ ያሉትን አምስት አዛውንቶች ስም ጻፉ። ከየስሙ አጠገብ የሚያውቁትን ጻፉ። በዕድሜ የገፉትን ከላይ አድርጉ። መቅረጫው የመጣ ዕለት ከመጀመሪያው ስም ትጀምራላችሁ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ጠብቀውና ላልተው ሲነበቡ ትርጉማቸው የሚለያይ ሦስት ቃላት ጻፉ። በዚህ ጽሑፍ ያልተጠቀሱ ይሁኑ።
2. ዌቭና ኤምፒ 3 በምን ይለያያሉ?
3. አንዲት እናት በቀን ሁለት ሰዓት ቢያወሩ፣ 30 ሰዓት የሚይዝ ካርድ በስንት ቀን ይሞላል?
4. ሦስት ቅጂ ለምን ያስፈልጋል? በእናንተ ቀበሌ የት የት ይቀመጥ?
5. ያለ ፈቃድ ቢቀረጽ በቀበሌያችሁ ምን ጉዳት ሊመጣ ይችላል? ተወያዩበት።

የቃላት ፍቺ

መቅረጫ፦ ድምፅን ይዞ የሚያስቀምጥ መሣሪያ።
ማይክሮፎን፦ ድምፅን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የመሣሪያው ጆሮ።
ሚሞሪ ካርድ፦ የተቀረጸው የሚቀመጥበት ትንሽ ሳህን መሰል ነገር።
ጊጋ፦ ካርድ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካበት፤ ለእህል ቁና እንደምንለው።
ቅጂ፦ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ የተባዛ።