በቢንቢ ዓይን ቀለም ስለሚታወቀው የዘር ሕግና ስለ ጥቅሙ

ከጥቁር ኮርማና ከጥቁር ላም አንዳንድ ጊዜ ቀይ ጥጃ ይወለዳል። ይህም የሚሆነው ቀይነቱ በወላጆቹ ዘር ውስጥ ተሰውሮ ስለ ኖረ ነው። ይኸው የዘር ሕግ ወባን በምታመጣው በቢንቢ ወገን ላይ ተመርምሮ ታላቅ ጥቅም ተገኝቶበታል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የቢንቢ ዓይን በተፈጥሮው ጥቁር ነው። ነገር ግን ቀለሙን የሚሠራው ዘረ መል፣ ይኸውም ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያሻግረው ረቂቅ ነገር፣ የተበላሸ እንደ ሆነ ዓይኑ ነጭ ይሆናል። ነጭ ዓይን ያላትን ሴት ከጥቁር ዓይን ወንድ ጋራ ቢያዳቅሏት ልጆቹ ሁሉ ጥቁር ዓይን ይኖራቸዋል፤ ነጭነቱ ግን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም።

በ1947 ጊልክሪስትና ሃልዴን የተባሉ ሊቃውንት ኩሌክስ በምትባለው ቢንቢ ላይ ይህ ነጭነት ከጾታ ጋራ ተያይዞ እንደሚወረስ ገለጡ። ከነዚያ ልጆች ወንዱን ወስደው ነጭ ዓይን ካላት ሴት ጋራ ቢያዳቅሉት፣ ከጥቂቶቹ በቀር ወንዶቹ ባለ ጥቁር ዓይን፣ ሴቶቹ ባለ ነጭ ዓይን ሆነው ይወለዳሉ። ወንድ የሚያደርገውና ጥቁር ቀለም የሚሰጠው ዘረ መል ጎን ለጎን ሆነው አብረው ስለሚተላለፉ ነው።

ጥቅሙም እንዲህ ነው። ሰውን የምትነክሰው ሴቲቱ ብቻ ናት። ስለዚህ ወንዱን በምልክት ለይቶ፣ መካን አድርጎ ቢለቅቁት፣ ከርሱ ጋራ የተገናኘችው ሴት የምትጥለው እንቍላል አይፈለፈልም። ፍራፍሬ የሚያጠፋው የሜዲቴራንያን ዝንብም ገና በሙሽሬነቱ ሴቲቱ በነጭ፣ ወንዱ በቡናማ ቀለም እየተለየ በዚሁ ዘዴ ይከላከሉታል።

በ1998 ደግሞ ሊቃውንት ነጭ ዓይን ባላት ቢንቢ ውስጥ የሌላ ዝንብ የቀለም ዘረ መል አገቡ፤ የልጆቿም ዓይን ቀለም ማግኘቱ ሥራው መከናወኑን መሰከረ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ብርሃን የሚያበራ ቀለም ለምልክት ያገለግላል። በ2024 በጂቡቲ እንዲህ ያለ ምልክት ያላቸው፣ ሴቶች ልጆቻቸው ሳያድጉ የሚሞቱባቸው የአኖፌለስ ስቴፈንሲ ወንዶች ተለቀቁ።

ይህች ቢንቢ ከእስያ የመጣች ስትሆን በኢትዮጵያ በ2016 በቀብሪ ደሀር ተገኘች፤ በ2022ም በድሬዳዋ ለተነሣው ወባ ምክንያት ሆናለች። በከተማ ውስጥ በውኃ ጉድጓድና በበርሜል ትራባለች። ስለዚህ የሊቃውንቱ ሥራ እስኪስፋፋ ድረስ፣ የወረዳ ሹም ሁሉ በግዛቱ የሚገኘው የውኃ ማጠራቀሚያ እንዲከደን ማዘዝና ትእዛዙም መፈጸሙን በየጊዜው መመርመር ይገባዋል።