የአገልጋዮች መኖሪያ ቤት የመብራት ጭነት አሰላል

አንድ ደብር የአገልጋዮችን መኖሪያ ሲያሠራ ወይም ሲያድስ የግድግዳውና የጣሪያው ወጪ በሰበካ ጉባኤ ፊት በዝርዝር ይቀርባል፤ የመብራቱ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ «ኤሌክትሪክ» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቆጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ማስተማሩን እያሰብን፣ አሰላሉን ከመሠረቱ እንመለከታለን። በልደታ ነባር ሰፈሮች እንደምናውቀው የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው በቆሙበት ስፍራ፣ በጋለ ሽቦ የተነሣ እሳት በአንድ ቤት ብቻ አይወሰንም።

ለምሳሌ 16 ካሬ ሜትር ሳሎን፣ 12 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት፣ 5 ካሬ ሜትር ማእድ ቤት፣ እንዲሁም መጸዳጃና በረንዳ ያለውን ቤት እንውሰድ።

፩. የብርሃን መጠን። የብርሃን መለኪያ ሉመን ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው አንድ ሉመን ሉክስ ይባላል። ለሳሎን 100፣ ለመኝታ ቤት 50፣ ለማእድ ቤት 150 ሉክስ እንያዝ። ስፋቱን በሉክሱ አባዝተን፣ ግድግዳና አቧራ ለሚያስቀሩት ብርሃን እጥፍ እናደርገዋለን። ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን ያህል ስለሚሰጥ ውጤቱን ለ800 እናካፍላለን። ሳሎኑ 16 × 100 = 1,600፣ እጥፉ 3,200 ነውና 4 አምፖል ይሻል። በዚሁ መንገድ መኝታ ቤቱ 2፣ ማእድ ቤቱም 2 ይደርሳቸዋል። ለመጸዳጃና ለበረንዳ አንድ አንድ ሲጨመር ድምሩ 10 አምፖል ይሆናል።

፪. ጭነቱ። 10 × 9 = 90 ዋት። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት በመሆኑ፣ 90 ለ220 ሲካፈል 0.4 አምፔር ይሆናል፤ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች ከዚህ የበለጠ ስለሚስቡ 0.8 ብንይዝ ይበቃል። በቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል ቢሆን ኖሮ 600 ዋት፣ ማለትም 2.7 አምፔር በሆነ ነበር።

፫. መስመሩ። ለዚህ ጭነት 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ባለ 10 አምፔር ብሬከር ከበቂ በላይ ነው። አደጋው የሚመጣው ከአምፖሉ ሳይሆን፣ በመብራቱ መስመር ላይ ከሚቀጠለው የእንጀራ ምጣድ ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል። ብሬከሩ ጭነቱን አልችል ብሎ ሲቋረጥ በትልቅ ብሬከር መተካት፣ ወይም በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ተራ ሽቦ ማሰር፣ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ እንዲግል መፍቀድ ነው። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት መጠን ነው። ስለዚህ ምጣዱ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው።

፬. ወርኃዊ ፍጆታው። መብራቱ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ በ30 ቀን ኤልኢዲው 13.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የቀድሞው አምፖል ግን 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ፍጆታ ሲበዛ የታሪፉ ደረጃም ከፍ ስለሚል፣ ልዩነቱ ከምእመናን መባ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያም በዓል ሲከበር ለቅጥር ግቢው የሚዘረጋው ጌጠኛ መብራትም በዚሁ ስሌት ይታይ። የአምፖሎቹ ዋት ተደምሮ ለ220 ይካፈል፤ መስመሩም ከአገልጋዮች ቤት አይቀጠል።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤያት ውል ከመፈረማቸው በፊት፣ የየክፍሉን አምፖል ብዛት፣ ዋት፣ የሽቦ ውፍረትና የብሬከር መጠን የያዘ ሠንጠረዥ ፈቃድ ካለው ባለሙያ በጽሑፍ እንዲቀበሉ፣ ከቃለ ጉባኤው ጋርም እንዲያስቀምጡት እናሳስባለን። በኋላ አንድ ክፍል ወይም አንድ ምጣድ ሲጨመር፣ ተተኪው ኮሚቴ መስመሩ የሚችለውን የሚያውቀው ከዚያ ሠንጠረዥ ነው።