ለክታ ቆረጠች፤ ቆርጣ ለካች

(የአሠራር ድርሰትና የቦዝ አንቀጽ አገልግሎት)

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ትምህርት ስለ ትረካ ድርሰት ተምራችኋል። አሁን ደግሞ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት በምን ዐይነት መንገድ እንደሚጻፍ እንመለከታለን። ይህ ድርሰት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ትረካ ደካማ ቢሆን አንባቢው ይሰለቻል፤ ከዚያ የከፋ ጉዳት አይደርስበትም። የአሠራር ድርሰት የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን አንባቢው ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ዕቃውን ያጣል። ለምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው በአነስተኛ ገቢ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን በመርፌና በክር እንዴት እንዳሰናዱ የሚገልጽ ንባብ ነው። መጀመሪያ በልባችሁ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

ለ. ንባብ

የአንድ ክፍል ቤት

ባልና ሚስቱ ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ከተጋቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ የበኩር ልጃቸው ገና አራት ወሩ ነው። የሚኖሩት በኪራይ በያዙት አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሚመለከት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ወደ ውስጥ ሳያይ አያልፍም። እናትየዋም ልጇን ስታጠባ ጀርባዋን ለመስኮቱ መስጠት ግድ ሆነባት። ስለዚህ ከወር አስቤዛቸው ላይ ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ቆይተው ለመጋረጃ የሚሆን አምስት ሜትር አቡጀዲ ገዙ። ሌላ አምስት ሜትር የሚገዛ ገንዘብ አልነበራቸውም።

ሚስትየዋ ጨርቁን ወደ ቤት እንዳስገባች መቀስ አነሣች። በዚህ ጊዜ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት ጎረቤት ገብተው ኖሮ፣

«ልጄ፣ ጨርቁ ውሃ ቀምሷል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አልቀመሰም፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ መቀሱን አስቀምጪው። ዛሬ የለካሽው ነገ አይገኝም።»

ጨርቁ ሌሊቱን ተነክሮ አደረ። ጧት ሳይጠመዘዝ ተሰጥቶ ደረቀና ባልየው በከሰል ካውያ ተኰሰው። እንደ ገና ሲለካ ቁመቱ 4 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ውሃው 22 ሳንቲ ሜትር ወስዷል ማለት ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ወጣ።

ከዚህ በኋላ እማማ ወደ መስኮቱ ሄዱ። የመስኮቱ ቁመት 1 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ነው። መጋረጃው ከመስኮቱ በላይ 10፣ ከመስኮቱ በታች 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሸፍን ከተፈለገ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። በዚህ ላይ ሽቦው ለሚገባበት የላይ እጥፋት 8፣ ለታችኛው ጠርዝ 10 ሲጨመር 158 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የታችኛው እጥፋት ሰፋ ያለው ጨርቁ ከበድ ብሎ ቀጥ እንዲልና ወደፊት ቢያጥር የሚለቀቅ እንዲኖረው ነው። መጋረጃ ሲዘጋ ሸብሸብ ብሎ እንዲወርድ ደግሞ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ ያህል፣ ይኸውም 2 ሜትር ከ40 ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ተቆርጦ አንደኛው በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ከአንዱ ሙሉ ቁራጭ ጋር ይጋጠማል። 90 እና 45 ተደምሮ 135 ይሆናል። ከዚህ ላይ መጋጠሚያው 4፣ የግራና የቀኝ ጠርዝ 6 ሲወስድ 125 ይቀራል፤ የሁለቱ ክፋይ ድምር 2 ሜትር ከ50 ነው።

ሦስት ጊዜ 158 ስንት ነው? 474። ከውሃ የወጣው ጨርቅ 478 ነበር። የተረፈው አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው! ሚስትየዋ ጨርቁን ሳትነክር ቆርጣው ቢሆን ኖሮ መጋረጃው በመጀመሪያው አጠባ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ባጠረ ነበር።

እማማ መቀሱን ሲያሳልፉ በዐይን ግምት አልቆረጡም። በተለካው ቦታ ላይ አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት። ክሩ ሲወጣ በጨርቁ ላይ ቀጥ ያለ ስስ መስመር ቀረ፤ መቀሱም ያንን መስመር ተከተለ። ቁራጩ ሲሰቀል ድሩ ከላይ ወደ ታች እንዲሆን ተጠነቀቁ። ጨርቅ በድሩ በኩል ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲሳብ ግን ይለጠጣልና በሰያፍ የተቆረጠ መጋረጃ ውሎ ሲያድር ጫፉ ይንጋደዳል።

መጋረጃው ካለቀ በኋላ የባልየው አሮጌ ጋቢ ወጣ። ከተማሪነቱ ዘመን ጀምሮ የለበሰው ስለ ሆነ መካከሉ ሳስቷል። ይሁን እንጂ ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራ በመሆኑ ላዩ ሲያልቅ ውስጡ ገና ብርቱ ነው። ስፌቱ በጥንቃቄ ተተረተረ፤ እያንዳንዱ ድርብ በብርሃን አንጻር እየተያዘ የሳሳው ቦታ በደረቅ የሳሙና ስባሪ ተከበበ። ከጠንካራው ክፍል 80 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ድርብ ያለው የሕፃን መጠቅለያ ወጣ። ከተረፈው ላይ ደግሞ የሽንት ጨርቆች ተቆረጡ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ለስላሳና ውሃ መጣጭ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል። ለመጠቅለያው ቁልፍ አልተተከለለትም፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና የጨርቅ ማሰሪያ ብቻ ተደረገለት። ያለቀው ክፍል በጣት ስፋት ተከትፎ የመከዳ መሙያ ሆነ። በደንብ ካልተከተፈ ቋጥሮ ቋጥሮ ጀርባ ይቈረቍራል።

የቀረው ጥለቱ ነበር። ሚስትየዋ በመጋረጃው ግርጌ ልትሰፋው አሰበች። እማማ ግን አስቀድመው ጥለቱን በርጥብ ነጭ እራፊ አሸት አድርገው እራፊውን ተመለከቱ። ቀለሙ ስላልለቀቀ ፈቀዱላት። ነጩ አቡጀዲ በአንድ ጥለት ብቻ ሌላ መልክ ያዘ። ጠረጴዛውን ያለበሰው የእናትየው ዳንቴል ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም። ኩራዙ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ማዶው ግድግዳ ተዛወረ። ሥራው ሲያበቃ መርፌዎቹ ተቆጠሩ። ጧት ስድስት ነበሩ፤ ማታም ስድስት ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተኛ።

(በዚህ ቤት ባልየው መተኰሱና ክር ማስገባቱ የሚያስደንቀው ተማሪ ካለ፣ በአገራችን የዶርዜ ሸማኔዎችም ሆኑ በየገበያው መኪና ይዘው የሚቀመጡት ልብስ ሰፊዎች በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸውን ያስታውስ።)

ሐ. የቃላት ጥናት

ድር በሽመና ጊዜ በቁመት የሚወጠረው ክር ሲሆን ማግ በወርድ እየተመላለሰ የሚገባው ነው። ጥለት በጋቢ፣ በነጠላና በመሳሰሉት ልብሶች ጫፍ ላይ አብሮ የሚሸመን ባለ ቀለም ጌጥ ነው። እራፊ ማለት ከአሮጌ ልብስ የተገኘ ቁራጭ ጨርቅ ነው። መዘምዘም የጨርቅን ጫፍ አጥፎ ዙሪያውን መስፋት ነው። መተርተር ግን ከመቅደድ የተለየ መሆኑን አስተውሉ። የተቀደደ ጨርቅ ጨርቁ ራሱ ይጐዳል፤ የተተረተረ ግን ስፌቱ ብቻ ይፈታል። በንባቡ ውስጥ «ጋቢው ተቀደደ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የሕፃኑ መጠቅለያ ከየት ይወጣ ነበር?

መ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ለክታ ቆረጠች።
ቆርጣ ለካች።

በሁለቱም ውስጥ ያሉት ግሦች ለካና ቆረጠ ናቸው። አድራጊዋም አንዲት ሴት ናት። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋ መጋረጃ አላት፤ የሁለተኛዋ ነገር ያጠራጥራል። ይህን ልዩነት ያመጣው የቦዝ አንቀጹ ቦታ ነው። ለክታና ቆርጣ የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ሲሆኑ ቆረጠችና ለካች የሚሉት ማሰሪያ አንቀጾች ናቸው።

ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ይናገራል እንጂ ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም። «እማማ ጨርቁን ነክረው» ብሎ ያቆመ ሰው እንግዳውን ደጅ አቁሞ እንደ ሄደ ባለቤት ነው፤ ሰሚው «ነክረው ምን አደረጉ?» ብሎ ይጠብቃል። መርፌ ጨርቁን እየወጋ ክሩን ያሳልፋል፤ መጨረሻው ላይ ካልተቋጠረ ግን ክሩ ተስቦ ይወጣል። ማሰሪያ አንቀጽ ይህን ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም።

ቦዝ አንቀጽ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል፦ ሰፍቼ፣ ሰፍተህ፣ ሰፍተሽ፣ ሰፍቶ፣ ሰፍታ፣ ሰፍተን፣ ሰፍታችሁ፣ ሰፍተው። የራሱ የሆነ ጊዜ ግን የለውም፤ ጊዜውን የሚያገኘው ከማሰሪያው ነው። ለክታ ቆረጠች ስንል ኀላፊ፣ ለክታ ትቆርጣለች ስንል ትንቢት፣ ለክተሽ ቁረጪ ስንል ትእዛዝ ይሆናል። በአሉታም ጊዜ መልኩን ይለውጣል። የ«ለክታ» አፍራሽ «ሳትለካ» ነው፤ የ«ነክራ» አፍራሽ «ሳትነክር» ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የቦዙና የማሰሪያው ባለቤት አንድ ነው። «ፀሐይ ወጥታ ልብሱ ደረቀ» እንደሚለው ሁለት ባለቤት የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በዚህ ዐረፍተ ነገር ሁለቱም ባለቤቶች በግልጽ ተጠቅሰዋል። «ጨርቁን ነክራ ደረቀ» ተብሎ ሲጻፍ ግን አንባቢው ይደናገራል። «ጨርቁን ነክራ አደረቀችው» ማለት ይገባል።

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ። «ጨርቁን ገዝታ ወደ ቤት ወስዳ ነክራ አስጥታ አድርቃ ተኩሳ አንጥፋ ለክታ ምልክት አድርጋ ቆርጣ አጥፋ ሰፍታ ሰቀለችው።» ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም፤ ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ማን በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል? ልብስ ሰፊ በእጁ ሲሰፋ ከክንድ ብዙ የሚረዝም ክር በመርፌው አያስገባም፤ ረጅም ክር ይጠላለፋል። እናንተም ሁለት ወይም ሦስት ቦዝ ከደረደራችሁ በኋላ ቋጥሩ።

ሠ. የድርሰት ትምህርት

ከዚህ በታች ያለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ድርሰት ነው።

«የሕፃን መጠቅለያ ለመሥራት አሮጌ ጋቢ ወስዳችሁ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ቀጥሎም ዙሪያውን ዘምዝሙት። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ጋቢው መታጠብ አለበት። የሳሳ ቦታ ካለም መጠቅለያው ከዚያ ላይ መውጣት የለበትም። መጠቅለያው በጣም ያምራል።»

ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ የፊደል ግድፈትም የለበትም። ድርሰቱን እያነበበ የሚሠራ ሰው ግን ወደ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ሲደርስ ጋቢው ተቆርጦ ተዘምዝሟል። «ከመቁረጣችሁ በፊት» የሚለው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመቀሱ ኋላ መጣ። ስለ ሳሳው ቦታም እንዲሁ ነው። የአሠራር ድርሰት ጸሐፊ ነገሩ በሐሳቡ የመጣለትን ቅደም ተከተል ሳይሆን እጅ የሚሠራበትን ቅደም ተከተል መከተል አለበት። አንድ ነገር የረሳ እንደ ሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ በቦታው ይጨምረዋል እንጂ በመጨረሻ አይለጥፈውም።

መጠንም መገለጽ አለበት። «ትንሽ አጥፋችሁ ስፉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለጸሐፊው ግልጽ ነው፤ ለአንባቢው ግን ትንሽ ማለት ግማሽ ሳንቲ ሜትርም አራት ሳንቲ ሜትርም ሊሆን ይችላል። መለኪያ በሌለበት ቤት ስንዝርና ክንድ ያገለግላሉ፤ ሆኖም የሰው ሁሉ ክንድ እኩል ስላልሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚለካው አንድ ሰው መሆኑን አብራችሁ ጻፉ። ምክንያትንም አትዝለሉ። «ጨርቁን ንከሩ» ብቻ የተባለ ሰው የቸኰለ ጊዜ መንከሩን ይተወዋል፤ ጨርቁ እንደሚሰበሰብ የተነገረው ግን ይታገሣል። «በጣም ያምራል» የሚለውን ሐረግ ሰርዙት፤ የሚያምር መሆን አለመሆኑን አንባቢው ሲጨርስ ያየዋል።

ረ. መልመጃ

1. በንባቡ ውስጥ ጨርቁ የተለካው ስንት ጊዜ ነው? እያንዳንዱ ልክ ለምን እንዳስፈለገ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. እማማ «ዛሬ የለካሽው ነገ አይገኝም» ያሉት ምን ለማለት ነው?

3. ከንባቡ ውስጥ አምስት ቦዝ አንቀጾች አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ማሰሪያ አንቀጽ አመልክቱ። የቦዙና የማሰሪያው ባለቤት የተለያየበት ካለ ለይታችሁ ጻፉት።

4. በክፍል መ የቀረበውን ረጅሙን ዐረፍተ ነገር በአራት ማሰሪያ አንቀጽ ከፋፍላችሁ እንደ ገና ጻፉ። ከዚያም ባለቤቱን «አንቺ» አድርጋችሁ በትእዛዝ አንቀጽ ለውጡት።

5. ቦዝ አንቀጾቹን ወደ አሉታ ለውጡ፤ በሥራው ላይ የሚመጣውን ጉዳትም ተናገሩ፦ ቀለሙን ፈትና ሰፋችው። መርፌውን ቆጥራ ልጁን አስተኛችው። ድሩን ለይታ ቆረጠች።

6. ወርዱ 80፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መስኮት፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ መጋረጃ ለመሥራት ስንት ሜትር መግዛት ያስፈልጋል? ጨርቁ በውሃ ከመቶ 5 እንደሚሰበሰብ አስባችሁ አስሉ፤ አሠራሩንም በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

7. በቤታችሁ የሚገኝ አሮጌ ልብስ ወይም ጨርቅ መርጣችሁ ሌላ አገልግሎት የሚሰጥበትን አሠራር በሁለት ገጽ ጻፉ። ድርሰቱን ለጐረቤታችሁ ተማሪ ስጡት፤ እርሱም ጨርቁን ትቶ የተጻፈውን ሁሉ በወረቀትና በመቀስ እየሠራ ይከተል። ሲጠይቃችሁ በቃል አትመልሱለት። እጁ የቆመበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አስምሩበትና ድርሰቱን ከዚያ ጀምራችሁ አርሙት።