አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ሲጠረጠር

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገጥመን ኮምፒውተሩ ዝም ሲል ሁለት ፍርዶች ይቸኩላሉ። አንዱ «አዲስ ነው፣ አይበላሽም» ይላል፤ ሌላው «ዛሬ የገባው እሱ ብቻ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ነው» ይላል። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። የብየዳ ጉድለት ወይም ደካማ ክፍል ያለበት ዕቃ ጉዱ የሚወጣው ሥራ ሲጀምር ስለሆነ፣ አዲስነት ነጻ አያወጣውም። በሌላ በኩል እሱን ለመግጠም ሲባል ኬዙ ውስጥ ብዙ ነገር ተነክቷል። ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ማጣራት ይሻላል።

ሶኬቱ ላይ መብራት ሰክታችሁ መሥራቱን እዩ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ኋላ ያለውን ማብሪያም አትርሱ። 115 እና 230 የሚል መምረጫ ካለው 230 ላይ ይሁን፤ የእስራኤል መብራት 230 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ተትቶ ከተሰካ ይቃጠላል፣ ያ ደግሞ የፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ወፍራሙ ክብ የአውሮፓ መሰኪያ እዚህ ሶኬት ውስጥ ቢገባም ኧርዙ አይገናኝምና ባለ ሦስት እግሩን የአገሩን ገመድ ተጠቀሙ። ሲሰካ የቤቱን ፓኻት (መብራት ሲያፈስ የሚቆርጠውን ማጥፊያ) የሚጥል ከሆነ በሌላ ገመድና በሌላ ሶኬት አንዴ ሞክሩ፤ እዚያም ከጣለ ምርመራው አብቅቷል፣ ዕቃው ይመለስ።

ከዚያ ገመዱን ነቅላችሁ ኬዙን ክፈቱ። ባለ 24 እግሩ ማገናኛ ቀጭ እስኪል መግባት አለበት። ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 እግሩ ከተረሳ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ሰበብ ይወቀሳል። ከሁሉ የከፋው የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ገመዶች በአዲሱ ላይ መሰካት ነው። ገመዳቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች መሰኪያቸው ቢመሳሰልም የውስጥ አሰላለፋቸው ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያል፤ 12 ቮልት በ5 ቮልት መንገድ ገብቶ ሃርድ ዲስክ ያቃጥላል። ከሳጥኑ ከወጣው ገመድ ሌላ አትጠቀሙ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፕሮሰሰሩንና አንድ ራም ብቻ አስቀርታችሁ ሞክሩ፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው የግራፊክስ ካርዱንም አውጡ። አሁን ከተነሳ የወጡትን አንድ በአንድ መልሱ።

ብዙ ሰው የሚያምነው የባለ 24 እግሩን ማገናኛ አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ማያያዣ ማገናኘትን ነው። ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ፣ የመብራቱ ገመድ ሳይሰካ ከተገናኘ በኋላ ሲሰካ ማራገቢያው ከዞረ «ደህና ነው» ይባላል። እኔ ይህን ግማሽ ምስክር እለዋለሁ፤ ሥራ ሳይጫንበት የሚነሳ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲመጣ ሊወድቅ ይችላል። ቀዝቃዛ ሳለ ማራገቢያው እንዳይዞር ሆኖ የተሠራም አለ፣ ስለዚህ አለመዞሩም ብቻውን አይፈርድበትም። የተሻለው ኮምፒውተሩ እየሠራ በመልቲሜትር መለካት ነው። ከቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ከቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መገኘት አለበት። ጨርሶ ካልተነሳ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ሐምራዊውን ለኩ፤ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ማብሪያው በርቶ ሳለ 5 ቮልት ከሌለው በሽታው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ጋ ነው። መልቲሜትር የሌለው ደህናነቱ የታወቀና በቂ ዋት ያለው ፓወር ሰፕላይ ከነገመዶቹ ተውሶ ይቀይር።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ወዲያው አልመልሰውም?» የሚል ይኖራል። ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ከሆነ ሁለተኛውም ዕቃ ዝም ይላል፣ የመመለሻው ጊዜም በከንቱ ያልቃል። «ከፍቼ ልጠግነው» የሚለው ግን ይተው፤ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዙ ካፓሲተሮች አሉ፣ ከተነቀለም በኋላ ይመታሉ። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛን ዕቃ በእስራኤል ሕግ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ ጉድለት ካለበት የስረዛ ክፍያ አይጠየቅም። 65 ዓመት የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም አገሩ ከገባ 5 ዓመት ያልሞላው ዖሌ (አዲስ ገቢ) ደግሞ ግዢው ከሻጩ ጋር ንግግር ወይም የጽሑፍ ምልልስ ከነበረበት 4 ወር አለው። ሳጥኑንና ደረሰኙን እስከዚያ አትጣሉ።